የድሮ ዘፈንዎን ለማስመለስ የትኛው መንገድ ይሻላል? እንደገና መቅረጽ፣ ማስተሩን መግዛት ወይስ መደራደር

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ስቱዲዮአችን መጡ። ስቱዲዮው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ አንድ ካሴት አወጡ። ሽፋኑ ላይ ያለው ወጣት እሳቸው ናቸው፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ማይኩን በሁለት እጅ ይዘው።

«ልጄ፣ ድምፁ የኔ ነው። ካሴቱ ግን ያንተ አይደለም ተባልኩ» አሉኝ።

የልጅ ልጃቸው ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ጭኖላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበት። ገቢው ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድ የሚገልጽ መልእክትም ደረሰው። ጋሼ ሊጠይቁኝ የመጡት አንድ ነገር ነው፦ «እንደገና ልዝፈነው ወይስ ልግዛው?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። የካሴት ዘመን ድምፃውያን ይጠይቁኛል፤ ያረፉ ድምፃውያን ልጆችም ይጠይቁኛል። አብዛኛው ሰው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ቴይለር ስዊፍት እንዳደረገችው» ይላል። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት የድሮ አልበሞቿን እንደገና ቀርጻለች። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። አንዳንዱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከቀረጸ በኋላ ነው ዘፈኑን መልቀቅ እንደማይችል የሚያውቀው። እዚያ ላይ እንዳይደርሱ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ባለቤት

ካሴት ላይ ያለ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ዘፈኑ ራሱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው ማለት ነው። ሁለተኛው የተቀረጸው ድምፅ ነው። እሱን ነው ማስተር የምንለው። የመጀመሪያው የደራሲዎቹ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው ሙዚቃ ቤት ነው። ድምፃዊው ደግሞ ሕጉ «ከዋኝ» የሚለው ነው፤ የራሱ መብት አለው። ግን ውል ሲፈርም ምን ያህሉን እንዳስተላለፈ የሚናገረው ወረቀቱ ነው።

ይህ ሁሉ የተደነገገው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩን፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የድምፅ ቅጂው አሳታሚ (የሙዚቃ ቤቱ) መብትም የከዋኙ መብትም 50 ዓመት ነው።

እንደገና መቅረጽ የሚያዋጣው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። የአሳታሚው መብት ያረፈው በዚያ ቅጂ ላይ ነው። ዛሬ አዲስ ባንድ ይዘው ስቱዲዮ ገብተው ቢቀርጹ፣ አዲሱ ቅጂ ሌላ ንብረት ነው። ግጥሙና ዜማው ግን ያው የድሮው ነው፤ ባለቤቱም ያው ነው።

ቴይለር ስዊፍትን የጠቀማትም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ስድስት አልበሞቿን ያሳተመላት ቢግ ማሽን የተባለ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሙዚቃ ሥራ አስኪያጁ ስኩተር ብራውን ኩባንያ ተሸጠ። በ2020 ደግሞ ማስተሮቹ ሻምሮክ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተላለፉ። ዘፈኖቹን ግን ራሷ ነች የጻፈቻቸው፤ ብቻዋን ወይም ከሌሎች ጋር። ስለዚህ ከ2021 እስከ 2023 አራቱን አልበሞች እንደገና ቀርጻ «የቴይለር ቅጂ» ብላ ለቀቀች።

የእኛን ካሴት ሽፋን ደግሞ ይገልብጡት። ግጥም የአንዱ፣ ዜማ የሌላው፣ ቅንብር የሦስተኛው፣ የድምፃዊው ድርሻ ድምፁ ብቻ ነው። በእኛ አገር ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ነውርም የለበትም። ታላላቅ ዘፈኖቻችን የወጡት ከዚህ ነው። ግን የቴይለርን መንገድ ለመከተል የሚያስፈልገው ቁልፍ ድምፃዊው እጅ ላይ የለም ማለት ነው። ቁልፉ ያለው ግጥምና ዜማ ደራሲው ቤት ነው።

ከመምረጥዎ በፊት የሚመዝኑባቸው ነገሮች

መጀመሪያ ውሉን ይፈልጉ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የጋሼን ውል አይቼዋለሁ። አንድ ገጽ ነው። በእጅ ተጽፎ አራት ቦታ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል። ከታች የሙዚቃ ቤቱ ክብ ማኅተም አለ። «ለካሴቱ ሥራ ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» ይላል። ለስንት ዓመት? አይልም። ከካሴት ውጭ በምን በምን ይታተማል? አይልም። እንደገና እንዳይዘፍኑ ይከለክላል? ስለዚያም አንድ ቃል የለም።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ትልቅ ገንዘብ ናቸው። «ካሴት» ብቻ የሚል ውል ኢንተርኔት ላይ መልቀቅን ያጠቃልላል ወይ የሚለው የመደራደሪያ ነጥብ ይሆንልዎታል። ጊዜ ያልተጻፈበት ውል በሕግ ለስንት ዓመት እንደሚጸና የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቁ። «ይህን ዘፈን ለሌላ አሳታሚ አልዘፍንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ደግሞ መቅረጹን ለጊዜው ያቁሙት። በአሜሪካ ውሎች እንዲህ ያለው ገደብ የተለመደ ነው፤ ቴይለርም ጊዜው እስኪያልፍ ጠብቃለች።

ቀጥሎ ደራሲዎቹን ይዩ። በሕይወት አሉ? ካረፉ ወራሾቻቸው የት ናቸው? ስምምነት አላቸው?

ሦስተኛው ድምፅዎ ነው። በሃያ አምስት ዓመትዎ የወጡትን ከፍታ ዛሬ ይወጡታል? ይህን ሲጠይቁ ራስዎን አይሸንግሉ። ዝቅ ብሎ መዝፈን ምንም ማለት አይደለም፤ ዘፈኑ ግን ሌላ ዘፈን ይሆናል።

አራተኛ፣ አድማጩ የሚፈልገው የትኛውን ነው? ሰዉ የወደደው ዜማውን ከሆነ አዲሱን ቅጂ ይቀበላል። የወደደው ያንን ዘመን፣ ያንን ኦርጋን፣ ያንን የሳክስፎን ድምፅ ከሆነ ግን ምንም ቢያምር አዲሱን አይሰማም።

የመጨረሻው ኪስዎ ነው። ምን ያህል ማውጣት ይችላሉ? ምን ያህልስ መጠበቅ ይችላሉ?

እንደገና መቅረጽ

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም አዲሱን ማስተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራስዎ ማድረጉ ነው። ማንም አሳታሚ ሳይፈቅድልዎ ለማስታወቂያ፣ ለፊልም፣ ለስልክ ጥሪ ማሳመሪያ፣ ለአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎች መስጠት ይችላሉ። የደራሲዎቹ ፈቃድ ግን ግድ ነው።

ፈቃዱ በቃል አይሁን። «እሱ ወንድሜ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚል ነገር ብዙ ሰምቻለሁ። ወንድምዬው ሲያርፍ ልጆቹ ስምምነቱን አያውቁትም። አዋጁም መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። ደራሲው ከአዲሱ ቅጂ ገቢ ስንት እጅ እንደሚያገኝ ይጻፍ፤ በምን በምን እንደሚለቀቅም ይጻፍ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደው ያረጋግጡት። ግማሽ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ይፍጅ።

ቅንብሩንም አይርሱ። የድሮውን መግቢያ፣ የድሮውን የብራስ ምልልስ እንዳለ መውሰድ ከፈለጉ አቀናባሪውን ያናግሩ። ካልተስማሙ አዲስ ቅንብር ያሠሩ። ሕዝባዊ ዜማ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ሆኖም «ሕዝባዊ ነው» ተብሎ ሽፋን ላይ የተጻፈ ሁሉ ሕዝባዊ አይደለም። ያጣሩ።

ወጪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የባንዱ ብዛት ነው። እውነተኛ ከበሮ፣ ሦስት ነፋስ መሣሪያ፣ ማሲንቆ፣ ክራር ካሉ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በዘፈን ይከፍላሉ። ከዚያ ሚክስ (ድምፆቹን ማመጣጠን) እና ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማስተካከያ) ይቀጥላል። አንዳንዱ ገንዘብ ለመቆጠብ ሁሉንም በኪቦርድ ያሠራል። እኔ ይህን አልመክርም። ሰው በባንድ የለመደውን ዘፈን በማሽን ሲሰማ «የድሮው ይሻላል» ብሎ ተመልሶ ይሄዳል፤ ገቢውም አብሮ ይሄዳል። አሥር ዘፈን በኪቦርድ ከመሥራት ሦስቱን በደንብ መሥራት ይበልጣል።

እጅ ካጠረ የመድረክ ቅጂ ጥሩ አማራጭ ነው። አንድ ምሽት፣ አንድ ባንድ፣ በደንብ የተቀረጸ። አድማጭ ከመድረክ የካሴቱን ድምፅ አይጠብቅም፤ የዕድሜ ለውጡንም በፍቅር ይቀበላል። የደራሲ ፈቃድ እዚህም ያስፈልጋል።

ሲለቁት ርእሱ ላይ አዲስ ቅጂ መሆኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉ። ፈልጎ የሚመጣ አድማጭ የእርስዎን ይለያል። የዩቲዩብ አውቶማቲክ ሥርዓትም አንዳንዴ ዜማው ስለሚመሳሰል ብቻ አዲሱን ቅጂ ይይዘዋል። የደራሲዎቹ ወረቀትና የስቱዲዮው ጥሬ ፋይል እጅዎ ላይ ካለ መከራከር ይችላሉ። ሥራውን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ማስረጃ ይሆንዎታል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ክርክር ሲመጣ ግን ወረቀት ያለው ይቀድማል።

ማስተሩን መልሶ መግዛት

አንዳንድ ድምፅ አይደገምም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ ፈቃድ የነበረው የአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እሱ ደፍሮ አሳተመ፤ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ መታተም የጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ሁለቱ ቅጂዎች ላይ ነው። ዓለም የወደደው ያንኑ ድምፅ፣ ከነጉድለቱ ነው። ያንን እንደገና ቀርጾ መተካት አይቻልም። ካሴትዎ እንዲህ ያለ ከሆነ ገንዘብዎን አጠራቅመው ቅጂውን ቢገዙ ይሻላል።

ቴይለር ስዊፍትም መጨረሻዋ ግዢ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2025 ስድስቱንም ማስተሮች ከሻምሮክ እንደገዛች አሳወቀች። ከቀሩት ሁለት አልበሞች አንዱን ሩቡን እንኳ እንዳልቀረጸች በዚያው ደብዳቤዋ ተናግራለች። አራቱን እንደገና የቀረጸችው እሷ፣ የድሮውንም ፈልጋዋለች።

በእኛ ከተማ ችግሩ ሻጩን ማግኘት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ የስንቱ ሙዚቃ ቤት ታፔላ አብሮ ወረደ። «ከአገር ፍቅር ዝቅ ብሎ ያለው ሱቅ» ብሎ መጠቆም ዛሬ አይሠራም። ባለቤቱ አርፎ ወይም ውጭ አገር ሄዶ ሊሆን ይችላል። መብቱንም ለሌላ ሸጦት ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ እንዴት ባለቤት እንደሆነ የሚያሳዩ ወረቀቶችን ከመጀመሪያው አሳታሚ ጀምሮ ይጠይቁ። አንድ ወረቀት ከጎደለ አይክፈሉ።

ሲገዙም ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይውጡ። ሪሉን (የስቱዲዮውን ጥቅል ቴፕ) ወይም ዳቱን (ዲጂታል ቴፑን)፣ የሽፋኑን ፎቶ፣ ኢንተርኔት ላይ የተለቀቁትን ሁሉ ይረከቡ። ሪሉ ከጠፋ ጥሩ ካሴትም ይበቃል። የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ አልበም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና የታተመው አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካገኘው ካሴት ተነሥቶ ነው።

ካሴት ስናጸዳ መጀመሪያ የምናደርገው ትንሽ ነገር ነው። የቴፑ ራስ አጠገብ አንዲት ብሎን አለች። በቀጭን ካቻቢቴ እያዞርን እናዳምጣለን። ድምፁ እንደ ታፈነ ይቆይና፣ ሩብ ዙር ስትሞላ ጸናጽሉ ብቅ ይላል፤ የድምፃዊው ትንፋሽም ይሰማል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቤት ውስጥ በርካሽ ቴፕ ቀድቶ ኦሪጅናሉን የሚጥል ቤተሰብ አለ። እባክዎ አይጣሉት።

ከያዘው ሰው ጋር መደራደር

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው መንገድ ይህ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ማስተሩን ይዞ ይቆያል፤ እርስዎ ከኢንተርኔት ገቢው ድርሻ ያገኛሉ። መሸምገል የሚችል ሰው፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት የድሮ ሙዚቀኛ ካለ ይላኩት። ብዙ አሳታሚ ከሳሽ ሲመጣበት ይዘጋል፤ ሽማግሌ ሲመጣበት ቡና ያፈላል።

ስምምነቱ ላይ ድርሻዎ በመቶኛ ይጻፍ። ሂሳቡ በየስንት ወሩ እንደሚቀርብ፣ ራስዎ ገብተው ማየት እንደሚችሉ፣ ስምምነቱ መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍ። ማብቂያ የሌለው ስምምነት ሁለተኛው የካሴት ውል ነው። እንደገና መቅረጽ እንደሚችሉ አሳታሚው ካወቀ ደግሞ ቶሎ ይለዝባል። ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በዲጂታል ክፍያ ከድርጅቱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር እ.ኤ.አ. በ2012 ታዋቂ ዘፈኖቹን እንደገና ቀርጾ ሸጧል።

በሕግ መጠየቅ

ያለ ውል ከተሸጠብዎ፣ ፊርማዎ ከተመሳሰለ ወይም ውሉ አብቅቶ እየተሸጠ ከሆነ ይህ መንገድ ይከፈታል። በእጅዎ ወረቀት ከሌለ ግን አይጀምሩት። ረጅም ነው፣ ያደክማል፤ በሰባ ዓመት ዕድሜ ችሎት መመላለስ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የጠበቃ ደብዳቤ ነው፤ ወደ ድርድር ያመጣል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መመዘኛ | እንደገና መቅረጽ | ማስተሩን መግዛት | መደራደር | በሕግ መጠየቅ |
|---|---|---|---|---|
| የሚያገኙት | አዲስ ማስተር | የድሮው ማስተር | የገቢ ድርሻ | እንደ ፍርዱ |
| የማን ፈቃድ ያስፈልጋል | የግጥምና ዜማ ደራሲ | የማስተሩ ባለቤት፤ ለግጥምና ዜማው ደራሲው | የማስተሩ ባለቤት | የማንም አያስፈልግም |
| ወጪ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | የማይገመት |
| ጊዜ | ወራት | ሻጩ እስኪገኝ | ሳምንታት ወይም ወራት | ረጅም |
| ትልቁ ስጋት | አድማጭ የድሮውን መምረጡ | ሻጩ እውነተኛ ባለቤት አለመሆኑ | ሂሳብ መደበቅ | ድካምና ወጪ |
| ድምፃዊው ካረፈ | አይቻልም | ይቻላል | ይቻላል | ይቻላል |

ለማን የትኛው?

ዘፈኑን ራስዎ ከጻፉትና ድምፅዎ ካለ፣ አያመንቱ፤ እንደገና ይቅረጹ። የቴይለር መንገድ በትክክል የእርስዎ ነው።

ግጥሙና ዜማው የሌላ ከሆነ ከስቱዲዮ በፊት ደራሲው ቤት ይሂዱ። ደራሲው ከድሮው ካሴት ያገኘውም ብዙውን ጊዜ አንዴ የተከፈለችውን ብቻ ነው። ቅሬታው ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። አብራችሁ ከሠራችሁ ሁለታችሁም ታገኛላችሁ።

ገንዘብ ከሌለዎት ከድርድር ይጀምሩ፤ ከሚገኘው ድርሻ አንድ ሁለት ዘፈን ይቅረጹ። ገንዘብ ካለዎትና ካሴቱ ታሪካዊ ከሆነ ይግዙት።

ለወራሾች፦ አባታችሁ እንደገና አይዘፍኑም። ስለዚህ ካሴቱን በጥንቃቄ አስቀምጡ፣ ውሉን ፈልጉ፣ ከዚያ ተደራደሩ ወይም ግዙ። ቅጂው በጣም የቆየ ሸክላ ከሆነ የ50 ዓመቱን ስሌት ከጠበቃ ጋር ሥሩት፤ የአሳታሚው ጊዜ ቢያልፍም የደራሲው ሊቀጥል ይችላልና።

ጋሼ የመረጡት ቅልቅል ነው። ካሴቱ ላይ አሥር ዘፈን አለ። ለሰባቱ ከሙዚቃ ቤቱ ወራሽ ጋር በሽማግሌ ተነጋግረው የገቢ ድርሻ አገኙ። ሦስቱን እንደገና ለመቅረጽ ወሰኑ። የግጥሙ ደራሲ አርፈዋል። ልጃቸውን ጉለሌ አገኘናት። የዜማው ደራሲ በሕይወት አሉ። ሦስቱም ውልና ማስረጃ ሄደው ፈረሙ።

ማክሰኞ ጠዋት መቅረጽ ጀመርን። ዘፈኑን ከድሮው ዝቅ አድርገን ነው የያዝነው። የዜማው ደራሲ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መጥተው፣ ከሚክሰሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምኩት። ማይኩን ተጭነው ለጋሼ እንዲህ አሏቸው፦

«እሱን ጫፍ ወደ ላይ አታንሣው። ያኔም ዝቅ በል ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም።»

ጋሼ ከመስተዋቱ ወዲያ ሳቁ። ከዚያ እንደተባሉት ዝቅ ብለው ዘፈኑት።